«ሙዲ» ማን ነው? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክና ስለ አማርኛ አተረጓጐሙ

ባለፈው ዓመት አንድ የጤና መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ ለቋንቋ እርማት ደረሰኝ። የላከውን ክፍል ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ በብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ነውና። በመጠይቁ ውስጥ «ሙዲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሦስት ጊዜ ገብቷል። ተርጓሚው አንዱን «ኩርፍተኛ»፥ ሁለተኛውን «ጠባየ ተለዋዋጭ»፥ ሦስተኛውን «ስሜታዊ» ብሎታል። እንግሊዝኛው አንድ ሲሆን አማርኛው ሦስት ሆነ፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይገናኙም። መጠይቁን የሚያነብ ሰው ስለ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች የተጠየቀ ይመስለዋል።

ወረቀቱን እንደ ያዝሁ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሰሜን ጎንደር ሄድሁ። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ከወረዱ በኋላ በሚገኘው በድብ ባሕር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አነጋገርሁ። ከመጠይቁ እንዳለ ወስጄ «እናቴ፥ ሰሞኑን ምን ይሰማዎታል?» አልኋቸው። «ጆሮዬስ ደኅና ነው ልጄ፤ እግሬ ነው እንጂ» አሉኝ። ቀጥዬ «ኩርፍተኛ ነዎት?» ብዬ ብጠይቅ ፊታቸውን አጠቈሩና «ከማን ጋር ተጣልቼ?» ሲሉ መለሱልኝ። በአጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እኔ ግን ከሁለቱ መልሶች የተማርሁት መዛግብተ ቃላት ገልጬ ካገኘሁት ይበልጣል፤ ይህን ጽሑፍም ያስጻፈኝ ያ ነው።

በመጀመሪያው መልስ ልጀምር። «ስሜት» የወጣው «ሰማ» ከሚለው ግስ ነው። የጽሑፍ አማርኛ መስማትን ከጆሮ አላቆ ለውስጥ ሁናቴ ሁሉ መጠሪያ አድርጎታል፤ «የደስታ ስሜት»፥ «የቍጭት ስሜት»፥ «ብሔራዊ ስሜት» ስንል ድምፅ የሚባለው ነገር ጨርሶ ትዝ አይለንም። ገጠሬው ግን ሕመም ወይም ብርድ «ተሰማኝ» ከማለት በቀር ለኀዘንና ለደስታ ብዙም አይጠቀምበትም፤ ስለዚህ «ምን ይሰማዎታል?» የሚለው ጥያቄ ወደ ጆሮ ቢሄድ የጠያቂው እንጂ የተጠያቂዋ ጥፋት አይደለም። «ስሜታዊ» የሚለው ቅጽልማ ከዚህም ይብሳል። በዛሬው አነጋገር ስሜታዊ ሰው ማለት ሳያመዛዝን የሚናገር፥ በቶሎ የሚግል ነው። እንግሊዝኛው ግን ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚውለውንም ሰው «ሙዲ» ይለዋል።

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ክብደት አለው። ወደ እርሱ ከመመለሴ በፊት ግን የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባል፤ ታሪኩ ለአማርኛ ተርጓሚ እንግዳ ያልሆነ ታሪክ ነውና።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሞድ» ማለት ልብ ነው፤ ሥጋዊው ልብ ሳይሆን የሐሳብ፥ የፈቃድና የወኔ ማደሪያ የሆነው ልብ። ከዚህ የወጣው «ሞዲግ» የሚለው ቅጽል ትርጉሙ ኩርፍተኛ ወይም ተካዥ አልነበረም፤ ልበ ሙሉ፥ ጀግና፥ ኩሩ ማለት ነበር። ቤዎልፍ በተባለው የጥንት ግጥም ተዋጊው የሚመሰገንበት ቃል ይኸው ነው። ዛሬ በፊቱ መጨፍገግ የሚታማው «ሙዲ» ያን ጊዜ በጦር ሜዳ የሚወደስ ሰው ነበር። የጀርመን እኅት ቋንቋዎች የቀድሞውን ትርጉም ጠብቀውታል፤ በጀርመንኛ «ሙት» (በፊደላችን ሲጻፍ ቢያስደነግጥም) ድፍረት ማለት ነው። ጀርመንኛ ከዚህ ግንድ ያበቀላቸው ቅርንጫፎች ለእኛ በጣም ጠቃሚ ናቸው። «ሆኽሙት» ቃል በቃል ከፍ ያለ ልብ ሲሆን ትዕቢት ማለት ነው፤ «ዴሙት» በጥንተ ትርጉሙ የአገልጋይ ልብ ሲሆን ትሕትና ማለት ነው፤ «ሽዌርሙት» የከበደ ልብ ሲሆን ጽኑ ትካዜን ይገልጻል። አማርኛም «ልበ ሙሉ»፥ «ልበ ደንዳና»፥ «ልቡ ያበጠ»፥ «ልቡ የተሰበረ» እያለ በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ተቃራኒ ጠባዮችን እንደሚሰካ ላስተዋለ ሰው ይህ የሩቅ አገር ነገር አይመስለውም።

ልበ ሙሉው እንዴት ኩርፍተኛ ሆነ? መንገዱ በትዕቢት በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ991 በማልደን የተደረገውን ጦርነት የሚተርከው የጥንት እንግሊዝኛ ግጥም መሪው ቢርኽትኖት ጠላቶቹ ወንዙን ተሻግረው በእኩል ሜዳ እንዲገጥሙት የፈቀደላቸው በ«ኦፈርሞድ» እንደ ሆነ ይናገራል። «ኦፈር» በላይ፥ ከመጠን ያለፈ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ቃሉ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፌታ ሲሉ ተከራክረዋል፤ ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጽሑፍ ነቀፌታ መሆኑን አጥብቆ አስረድቷል። በአማርኛ «ልቡ አብጦ» ብንለው ከክርክሩ መሐል እንገባለን፤ ልብ ማበጥ ለእኛም ከጀግንነት ጋር ድንበርተኛ ነውና። በቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች ውስጥ ደግሞ «ሞዲግነስ» የሚለው ስም በቀጥታ ትዕቢት የተባለው ኀጢአት መጠሪያ ሆኖ ይገኛል፤ አባ ኤልፍሪክ በዚሁ ትርጉም ጽፎታል። ስለዚህ ዛሬ «ሙዲነስ» የሚባለው ቃል አያቱ ስሜት አልነበረም፤ ከዋነኞቹ ኀጢአቶች አንዱ ነበር። ከትዕቢት ወደ ቍጣ፥ ከቍጣ ወደ ጨፍጋጋነት መውረዱ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቷል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ ቃሉ ተካዥነትንና ጠቋራ ፊትን ይዞ ይታያል። ያለ ምክንያት የሚለዋወጥ ሰው የሚለው ትርጉም የተከተለው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው የግስን ሁናቴ፥ ትእዛዝ መሆኑን ወይም ምኞት መሆኑን፥ «ሙድ» ብሎ ይጠራል። ይህ ሌላ ቃል ነው። የመጣው «ሞዱስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሥርዐት፥ አኳኋን ማለት ነው፤ ቀድሞ «ሞድ» ተብሎ ይጻፍ የነበረውን እንግሊዞች ከልቡ «ሙድ» ጋር አምታተው በአንድ ፊደል ጻፉት። ሁለቱ ቃላት ዛሬ በመልክ መንትያ ናቸው፤ በዘር ግን ዝምድና የላቸውም። የሰዋስዉን «ሙድ» «ስሜት» ብለው የተረጐሙ የተማሪዎች ወረቀቶች በእጄ አልፈዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የግዕዝ መምህራን «ትእዛዝ አንቀጽ»፥ «ዘንድ አንቀጽ» ሲሉ ለዚሁ ጉዳይ ጥርት ያለ ስያሜ ካስቀመጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በቤት ያለውን እህል ትቶ ከጎረቤት ገለባ መበደር ይሉታል ይህን።

የእንግሊዝኛን ወጥመድ ስንጠቍም የራሳችንንም መርሳት አይገባም፤ በተለይ በሰሜን ጎንደር ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሉ። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚፈሰው ወንዝ ተከዜ ነው። «ተከዘ» ደግሞ በግዕዝም በአማርኛም አዘነ፥ በሐሳብ ተዋጠ ማለት ነው። በሊማሊሞ አፋፍ ቆሞ ቈላውን ቍልቍል የሚያይ ባለቅኔ ወንዙን የትካዜ ወንዝ ቢለው ማንም አይፈርድበትም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን በግዕዝ «ተከዚ» ማለት በጥሬው ወንዝ መሆኑን፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም ለማንኛውም ወንዝ እንደሚነገር ማወቅ አለበት። የወንዙ ስም በአራተኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በንጉሥ ዒዛና ጽሑፍ ላይ የሚገኝ ሲሆን እዚያ የሚያዝን ሰው የለም፤ ውሃ የሚሻገር ሠራዊት ነው ያለው። ሁለተኛው ምሳሌ ኮረፌ ነው። ኮረፌ የጎንደር ሰዎች፥ በተለይም ቅማንቶች፥ ከገብስና ከጌሾ የሚጠምቁት ሳይጠለል የሚጠጣ ወፍራም መጠጥ ነው፤ ድፍድፉ በጋን ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከቈየ በኋላ በሚፈለግበት ጊዜ ጥቂት ተቀንሶ በውሃ ይበረዛል፥ አንድ ቀን አድሮም ይጠጣል። «ኮረፌ» እና «ኩርፊያ» ክ፥ ር፥ ፍ የተባሉትን ሦስት ፊደላት ይጋራሉ። ኩርፊያም በሆድ ውስጥ ሲብላላ የሚቈይ ነገር ስለ ሆነ ዝምድናውን ለመስበክ ልብ ይቃጣል። እኔም ተቃጥቼ ነበር። ሆኖም ሁለቱን «ሙድ» ያገናኘው የፊደል መመሳሰል ብቻ መሆኑን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ ሳይዝ ኮረፌን ከኩርፊያ ሥር አያሰፍርም።

አሁን ወደ ድብ ባሕሯ እናት ሁለተኛ መልስ እንመለስ። «ከማን ጋር ተጣልቼ?» ያሉት የቃሉን ሥራ አሳምረው ስለሚያውቁት ነው። አኮረፈ ሲባል አኩራፊና የተኮረፈ አለ፤ በመካከላቸውም አንድ በደል፥ እውነተኛም ሆነ የታሰበ፥ ይኖራል። ኩርፊያ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። ሰላምታ መንፈግ፥ ማዕድ አለመቍረስ፥ ፊት ማዞር መግለጫዎቹ ናቸው፤ ሽማግሌ ገብቶ ይፈታዋል፥ ወይም በዓል ሲደርስ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ይተዉታል። እንግሊዝኛው «ሙዲ» ግን ተበዳይም በዳይም የለውም፤ ሽማግሌ አይገባበትም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት ጊዜ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። በሽተኛን «ኩርፍተኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ «ከዘመድ ተጣልተሃል?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መልሱም እንደ ጥያቄው ይሆናል።

«ጠባየ ተለዋዋጭ» የሚለውም ሌላ ችግር ያመጣል። «ጠባይ» ከግዕዙ «ጠባይዕ» የመጣ ሲሆን ግዕዙም ከዐረብኛ የተዋሰው ነው። በዐረብ ሐኪሞች ዘንድ ይህ ስም ሰውነት የተሠራባቸውን አራቱን የተፈጥሮ ኀይሎች ያመለክታል። በእኛም አገር ትምህርት ሰው ከሰባት ባሕርያት፥ ማለት ከአራቱ የሥጋ (ነፋስ፥ እሳት፥ ውሃ፥ መሬት) እና ከሦስቱ የነፍስ (ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት) ተገኘ ይባላል። አውሮፓውያን «ቴምፐራመንት» የሚሉት ቃልም በላቲን ቅልቅል፥ ውሕደት ማለት ነውና መነሻው ከዚሁ አይርቅም። እስከዚህ ድረስ ተርጓሚውን የሚደግፍ ይመስላል። ዳሩ ግን «ጠባይ» በአማርኛ ከተፈጥሮ ወደ ሥነ ምግባር ተሸጋግሯል። «ጠባይ የለውም» የተባለ ሰው ተወቅሷል፤ «ጠባየኛ» የተባለ ተመስግኗል። «ዐመል»ም እንደዚሁ ነው፤ «ዐመለ ሸጋ» ለሙሽራ የሚባል ምርቃት ሲሆን «ዐመለኛ» ደግሞ ለሚራገጥ በቅሎም ለሚያስቸግር ሰውም የሚሰጥ ስድብ ነው። ስለዚህ ሐኪም በመጠይቅ ላይ «ጠባይህ ይለዋወጣል?» ሲል ሳያስበው ዳኛ ይሆናል። የተጠየቀው ሰው ራሱን ለመከላከል «ኧረ በጠባዬ ማንም አያማኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ሕመሙ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ይህ ጉዳይ ለጎንደር የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ከተቋቋመ ጀምሮ፥ ኋላም ዩኒቨርስቲ ከሆነ በኋላ፥ በእንግሊዝኛ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በአማርኛ የሚናገር ደገኛና ቈለኛ ሲያክሙ ኖረዋል። በእያንዳንዱ የምርመራ ክፍል ውስጥ ማንም ያልመዘገበው ትርጉም በየቀኑ ይሠራል። እኛ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ያወጣነው ቃል እዚያ ካልሠራ አልሠራም።

ታዲያ የደጋው አማርኛ እንግሊዝኛው «ሙድ» የሚለውን በምን ይገልጸዋል? እዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት ይገባል፤ የስሕተቱ ሥር ያለው በቃል ምርጫ ሳይሆን በሰዋስው ነውና። እንግሊዝኛ ሁናቴውን ለሰውየው ቅጽል አድርጎ ይለጥፍበታል። አማርኛ ግን በብዛት ግስ ይጠቀማል፤ ያውም ልዩ ግስ። «ከፋኝ»፥ «ጨነቀኝ»፥ «ደበረኝ»፥ «ሰለቸኝ»፥ «ነሸጠኝ»፥ «ደስ አለኝ»፥ «ሆድ ባሰኝ»። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ግሱ በሦስተኛ መደብ ተባዕት ነጠላ ይቆምና የሚከፋው ሰው በግሱ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ማን ከፋኝ? ማን ነሸጠኝ? ባለቤቱ አይታወቅም፤ አይጠየቅምም። ነገሩ ከውጭ መጥቶ ሰውየውን የሚያገኘው፥ አግኝቶም የሚለቀው ሆኖ ይነገራል። በአንጻሩ «አኮረፈ»፥ «ተቈጣ»፥ «ተከዘ» የሚሉት ሰውየውን ባለቤት ያደርጋሉ፤ በተለይ «አኮረፈ» ፈቃድ ያለበት ሥራ ነው። «አታኩርፍ» ብሎ መከልከል ይቻላል። «አይክፋህ» ሲባል ግን የሚታዘዘው ሰውየው አይደለም፤ ምኞት ነው። አንድ ቋንቋ በፈቃድና ያለ ፈቃድ የሚሆነውን ይህን ያህል ለይቶ እያለ ተርጓሚው ሁለቱን ማቀላቀሉ የእንግሊዝኛውን የቃል ክፍል፥ ማለት ቅጽሉን፥ እንደ ታቦት አክብሮ ስለ ያዘ ብቻ ነው። «ሙዲ ነው» የሚለውን «አንዳንዴ ዝም ብሎ ይከፋዋል» ወይም «ሲነሽጠው ይስቃል፥ ሲከፋው ዝም ይላል» ብሎ ቢያስቀምጠው ሁሉም ይረዳው ነበር። «ሲነሽጠው» የሚለውማ ከእንግሊዝኛው «ሙድ» ጋር ከማንኛውም ስም ይልቅ የሚመጣጠን ነው፤ በተርጓሚዎች እጅ ብዙ ጊዜ አለመግባቱ ይገርመኛል።

ከውጭ መጥቶ የሚያገኝ ነገር ስል የጎንደር አንባቢ ዛርን ሳያስብ አይቀርም። «ዛሩ ተነሣበት»፥ «ቆሌው ተገፈፈ»፥ «ውቃቢዬ አልወደደውም» የሚሉት አነጋገሮች ዛሬ እምነቱን በማይቀበሉ ሰዎችም አፍ ይነገራሉ፤ ድንገተኛ የሁናቴ ለውጥን ከሰውየው ፈቃድ አውጥተው ለሌላ ኀይል ይሰጣሉ። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዐት ከመረመረ በኋላ በ1958 ስለ ጎንደር ዛርና ስለ ቴአትራዊ ገጽታው አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሌሪስ ያተኰረው ባለዛሮቹ ዛራቸው በተለዋወጠ ቍጥር ንግግራቸውም አኳኋናቸውም በመለዋወጡ ላይ ነበር። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያሳስበው ግን ያ መጋረጃ የሌለው ቴአትር በግሶቻችን ሰዋስው ውስጥ መገኘቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሰውነት ክፍሎችን ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። «ሜላንኮሊያ» የሚለው የግሪክ ቃል ጥቍር ሐሞት ማለት ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ትካዜ ከሐሞት መጥቈር ይመጣል ይሉ ነበርና። ይህን ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው አማርኛን አያውቅም። የእኛ ሐሞት የወኔ ማኅደር ነው፤ «ሐሞተ ኮስታራ» ደፋር፥ «ሐሞተ ቢስ» ፈሪ ነው፤ ሐሞቱ የፈሰሰ ሰው ተስፋና ድፍረት አጣ እንጂ አልተከዘም። የትካዜው ቤት ሆድ ነው። «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ፥ «ሆደ ቡቡ» ርኅሩኅ፥ «ሆደ ባሻ» ደግሞ በትንሹ የሚከፋው ነው። («ባሻ» እዚህ ላይ «ባሰ» ከሚለው ግስ የወጣ እንጂ ከቱርክኛ የመጣው ማዕርግ አይደለም፤ አንድ ወጣት ተርጓሚ የሆድ ሹም መስሎት ስቄያለሁ።) «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚለውን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ብቸኝነትም፥ ናፍቆትም፥ ሥጋትም አለበት። «ሙዲ» ከሚለው ጋር ከቅጽሎቻችን ሁሉ የሚቀራረበው «ሆደ ባሻ» ነው፤ ነገር ግን ሆደ ባሻ በሰው ንግግር የሚነካ ነውና እርሱም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም።

ፊትና ሰማይን አንድ የሚያደርጉ ግሶችም አሉ። ጨፈገገ፥ ጠቈረ፥ ዳመነ ለቀንም ለፊትም ይነገራሉ፤ ፈካ፥ በራም እንዲሁ። በክረምት ጧት ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የወጣ ሰው ጕሙ ሲከድነውና ወዲያው ሲገልጠው፥ ደጋው ጨፍግጎ ሳለ ቈላው በፀሐይ ሲበራ አይቷል። በዚያ አገር ስለ ሰው «ፊቱ ሲጨፈግግ ሲፈካ ይውላል» ቢባል መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ አንድም ሰው የለም። የእንግሊዝኛው ቃል ለፎቶግራፍና ለፊልም ሲነገርም የሚረዳን ይህ ወገን ነው። «ሙዲ» የተባለን ሥዕል «ኩርፍተኛ ሥዕል» ያለ ትርጉም አንብቤአለሁ። ለዚህ ትርጉም «ድባብ» የሚለው አለ፤ በበዓል ቀን በታቦት ላይ የሚዘረጋው ጥላ ስሙን ለአንድ ቦታ ወይም ለአንድ ጽሑፍ አጠቃላይ መንፈስ ካዋሰ ቈይቷል፥ ቋንቋውም ተቀብሎታል። «ጨፍጋጋ ድባብ ያለው ሥዕል» ቢባል ጉዳዩ ያልቃል።

የነባር መዛግብተ ቃላትን ነገር በአጭሩ ላንሣ። ከኢሰንበርግ (እ.ኤ.አ. 1841) እና በጎንደር ከቈየው ከአንቷን ዳባዲ (እ.ኤ.አ. 1881) ጀምሮ፥ በከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና በደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) አልፎ እስከ ቶማስ ኬን (እ.ኤ.አ. 1990) ድረስ ትልልቆቹ ሥራዎች አማርኛውን መነሻ ያደርጋሉ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚሄደው መንገድ ጠባብ ነው፤ በእርሱ ላይ የተሠሩት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፥ እንዲሁም የቮልፍ ሌስላው መዛግብተ ቃላት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1973 የወጡ ናቸው። ሌስላው ቃልን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መተርጐሙ ለእንዲህ ያለው ችግር ትክክለኛው ዘዴ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሙዲ» ብቻውን ቆሞ አይተረጐምም፤ ማን፥ ስለ ማን፥ የት ተናገረው መባል አለበት። የጎንደር የትርጓሜ መምህራን፥ የላይ ቤቱም የታች ቤቱም፥ «አንድም» እያሉ የአንዱን ቃል ፍች በየአገባቡ ሲዘረዝሩ ይኸንኑ ያደርጉ ነበር። አንዱን ቃል በአንድ ቃል የመተካት ልማድ ከእነርሱ የወረስነው አይደለም።

የስያሜው ጉዳይ ግን አሁንም ይቀራል፤ ሐኪምና የሥነ ልቡና ምሁር ስም ሳይዙ መሥራት አይችሉምና። ለጽኑው ሕመም አንዱ ክፍል «ድብርት»፥ ሌላው «ድባቴ» ይላል። በእኔ አስተያየት «ድባቴ» ይሻላል። «ድብርት» ከ«ደበረኝ» ጋር ተቈራኝቷል፤ ወጣቱ ፊልም ሲሰለቸውም፥ ዝናብ ከቤት ሲያውለውም «ደበረኝ» ይላል። ሐኪም «ድብርት አለብህ» ሲለው ሥራ ፈትነቱ የተነገረው ይመስለዋል፤ ቤተ ዘመድም «ተነሥ፥ ተንቀሳቀስ፥ ይለቅሃል» እያለ ያደክመዋል። «ድባቴ» የሚለው «ድብት አለኝ» ከሚለው የሰውነት መክበድ ጋር ስለሚስማማ ለታማሚው አካሉን ያስታውሰዋል፤ ገና ብዙ ያልለመደ ቃል መሆኑም ለስያሜነት ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም። ለአጠቃላዩ ሁናቴ፥ ማለት ደስታንም ከፋትንም ለሚጨምረው፥ «የልብ ሁናቴ» ቢባል ከእንግሊዝኛው ጥንተ ትርጉም ጋር ይገጥማል፥ አማርኛንም አያሳምምም። «ስሜት» ለሚመጣና ለሚሄደው ለአንዱ የደስታ ወይም የቍጣ ወቅት ይቅር።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሕዝቡ ራሱ ሙድ ብሎ ጨርሶታል፥ ምን ትደክማለህ?» ይሉኛል። በከፊል እውነት አላቸው። በከተማ «ሙዴ ጠፋ»፥ «ዛሬ ሙድ ላይ ነኝ» ሲባል እሰማለሁ፤ ቃሉ በፊደላችን ይጻፋል፥ የአማርኛን ቅጥያም ይቀበላል። የውጭ ቃል ነው ብሎ ከመዝገብ ማስቀረት አልደግፍም፤ የተነገረ ቃል ሁሉ ይመዝገብ። ነገር ግን መዝጋቢው በትክክል ይስማው። «ሙድ ያዘብኝ» ማለት አላገጠብኝ፥ ተሣለቀብኝ ማለት ነው። ይህ ትርጉም በእንግሊዝኛው «ሙድ» ውስጥ የለም፤ አማርኛ ተናጋሪው በራሱ አውጥቶታል። ከልብ ወደ ጀግንነት፥ ከጀግንነት ወደ ትዕቢት፥ ከትዕቢት ወደ ጨፍጋጋ ፊት የተጓዘው ቃል እዚህ ደርሶ ወደ ፌዝ ዞሯል። ስለዚህ «ሙድ»ን በእንግሊዝኛው ፍች ብቻ የሚመዘግብ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ካለ ግማሹን ቃል ትቶታል።

መጠይቁን በመጨረሻ እንዲህ አርሜ መለስሁት፦ «ያለ ምንም ምክንያት የሚከፋዎት ጊዜ አለ? ሲመጣስ ምን ያህል ይቈያል?» ወደ ድብ ባሕር ተመልሼ ባነበብሁላቸው ጊዜ እናቲቱ ስለ ጆሯቸው አልነገሩኝም። «አለ እንጂ» አሉና ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።